የእትዬ ሱሺላን ቀን ፍለጋ

ከቤት የወጣነው ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓት የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር፤ የምኖርባት የካናዳዋ ካልጋሪ ስምንት ተኩል የምትለውን እኔ ሁለት ተኩል እላለሁ። እዚህ አምስት ዓመት ኖሬ የእጅ ሰዓቴን አልቀየርኩትም። ይህ ልማዴ በዚያ ቀን ያመጣብንን ነገር በቦታው እጽፈዋለሁ።

ተጓዦቹ ሁለት ነን። እኔ ዋይትሆርን ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ተከራይቼ የምኖር፣ ማታ ማታ ዌርሀውስ የምሠራ ሰው ነኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የበዓላትንና የአጽዋማትን አቆጣጠር ከአንድ ዲያቆን፣ የቀረውን ሒሳብ ከላይብረሪ መጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ሁለተኛው ተጓዥ የቤቱ ባለቤት ቲቸር ሃሪሽ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የተወለዱት ሕንድ አገር ጉጃራት ነው፤ በወጣትነታቸው ግን ፍቼ ላይ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል። አማርኛቸው የዚያን ዘመን አማርኛ ነው። ቤቱን ልከራይ የመጣሁ ቀን በሩን ከፍተው ስሜን ሲሰሙ፣ «ዳዊት! ግባ፣ ተቀመጥ፣ ደብተርህን አውጣ» ብለው አስደነገጡኝ።

የጉዞው ምክንያት ባለቤታቸው እትዬ ሱሺላ ናቸው። አምና በዚህ ሰሞን ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ ቤዝመንቱ ደረጃ ላይ በሳህን የተከደነ ምስርና ሩዝ ያስቀምጡልኝ ነበር። አንድ ቀንም አንኳኩተው ሰጥተውኝ አያውቁም፤ ሌሊት ሠርቼ ቀን እንደምተኛ ያውቁ ነበርና።

በእነሱ፣ በሂንዱዎቹ ሥርዓት ሙት ዓመት የሚታሰበው በካሌንደሩ ቀን አይደለም፣ በጨረቃዋ ነው። ጨረቃ ከፀሐይ አሥራ ሁለት ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ የጨረቃ ቀን ይሞላል። እትዬ ሱሺላ ያረፉት ጨረቃዋ እየሞላች በምትሄድበት ወገን፣ በስምንተኛው ቀን ነው። ስምንተኛው ቀን ከሰማንያ አራት ዲግሪ ይጀምርና ዘጠና ስድስት ላይ ያበቃል። ታዲያ የጨረቃ ቀን እንደ እኛ ቀን ሰዓት ጠብቆ አይገባም፤ ቀትርም ላይ፣ እኩለ ሌሊትም ላይ ይገባል። ስለዚህ ሌላ ደንብ አለ። ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትገባበት ያለው ጊዜ ለአምስት እኩል ይከፈላል፤ የሙታን ሥርዓት የሚፈጸመው በአራተኛው ክፍል ነው። ስምንተኛው ቀን ያን አራተኛ ክፍል ያገኘበት ዕለት የእሳቸው ዕለት ይሆናል።

ቲቸር አንዱ ዓይናቸው ሞራ ስላለበት ሒሳቡን እሳቸው እየነገሩኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስምንተኛው ቀን ረቡዕ በአሥር ሰዓት ገብቶ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይወጣል። አራተኛው ክፍል ደግሞ ከሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ሆነ። ረቡዕ አይደርስበትም፣ ሐሙስ ይደርስበታል። ሐሙስ አልን።

ልጃቸው ካቪታ አልተስማማችም። ካቪታ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ዶቨር ሰፈር ነው የምትኖረው። ከእኔም፣ እኔ ባለሁበት ከአባቷም ጋር የምትነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

«ፓፓ፣ ስልኬ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ አፕ ረቡዕ ነው የሚለው።»

«አፑ የነገሩትን ይደግማል» አሉ ቲቸር። «ምናልባት ለዴሊ ሰው የተሠራ ነው። እኛ በእጃችን ሠርተናል።»

ካቪታ ትከሻዋን ነቅንቃ ተወችው። ለቤተ መቅደሳቸው ካህንም ሐሙስ ተብሎ ተነገረ። የቲቸር ልብ ግን አላረፈም። «ጽፈናል፤ ገና አላየንም» አሉኝ። ስለዚህ ዋዜማ ነው ባልነው ዕለት፣ አድማሱ ዙሪያውን ወደሚታይበት ሜዳ ሄደን፣ በአሥር ሰዓት በፀሐይና በጨረቃ መካከል ሰማንያ አራት ዲግሪ መሆኑን በዓይናችን ልናረጋግጥ ተነሣን። መለኪያውን ከፕላይውድ ሠርቼዋለሁ፤ ዲግሪ የተጻፈበት ግማሽ ክብና ሁለት የሚዞሩ ክንዶች ናቸው። ጨረቃ ከፀሐይ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ያህል ትርቃለችና፣ ግማሽ ዲግሪ ከተሳሳትኩ አንድ ሰዓት ተሳሳትኩ ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ፣ ማደያው

ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ነዳጅ ልሞላ ቆምኩ። ሊትሩ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሁለት ሳንቲም ነበር። ሒሳብ የሚቀበሉት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለመው።

«ዳዊትዬ፣ ኦፍ ነህ እንዴ ዛሬ? እኚህን ሽማግሌ ይዘህ ወዴት ነው?»

«ወደ ድራምሄለር መንገድ። ጨረቃ ልናይ ነው።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

ቲቸር ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንደምን አደሩ፣ እሜቴ» አሉ።

እትዬ ዘነበች ከወንበራቸው ተነሡ። «በስመ አብ! እኚህ ሰውዬ ምንድን ናቸው?»

«ፍቼ አስተማሪ ነበርኩ።»

«ወይ ጉድ! እኛንም ደሴ ሕንድ ነው ያስተማረን። ጣታችንን በማስመሪያ ነበር የሚለን።»

«እኔ ማስመሪያ አልወድም። ጠመኔ ነበር የምወረውር።»

«ይመታ ነበር?»

«የፊዚክስ አስተማሪ እንዴት ይስታል?»

እትዬ ዘነበች እየሳቁ ሁለት ሻይ ቀዱልንና ዋጋውን አልቀበልም አሉ። ለባለቤታቸው ሙት ዓመት ቀን ልናረጋግጥ እንደምንሄድ ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀኑን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የእናቴን መርዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ያረዱኝ። የሞተችበትን ቀን ላስብ ወይስ ያለቀስኩበትን? እስከ ዛሬ ሁለቱንም አስባለሁ» አሉኝ።

መኪና ውስጥ ቲቸር ሻያቸውን ጠጥተው ሲጨርሱ፣ «ሁለቱንም ማሰቧ ልክ ነው» አሉ።

በመንገድ ላይ

ከተማው ካለቀ በኋላ መሬቱ ይዘረጋል። እህሉ ገና ቁርጭምጭሚት ያህል ነው፤ አረንጓዴው ቀጥ ባሉ መስመሮች ተሰድሮ እስከ ሰማይ ጠርዝ ይሄዳል። በየማሳው መሐል የነዳጅ መሳቢያ ብረቶች ራሳቸውን ቀስ ብለው ይነቀንቃሉ። ወደ ሰሜን ከታጠፍን በኋላ መንገዱ ጠጠር ሆነና በሰዓት ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳሁም፤ መለኪያው ከኋላ ወንበር ላይ ነበር።

«መቅደስ የሚመጣ አንድ ኢንጂነር አለ» አሉ ቲቸር። «አውሮፕላኑም፣ ስልኩም፣ አቶሙም በጥንት መጻሕፍታችን ውስጥ ነበር ይላል። እኔ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም።»

«በአባቶቹ ቢኮራ ምን አለበት?»

«ኩራት አይደለም ዳዊት፣ ስድብ ነው። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አባቶቼ ጠይቀዋል። ሰማዩ ከሒሳባቸው ጋር አልገጥም ሲል ሒሳቡን አረሙ እንጂ ሰማዩን አልተቆጡም። አባቴ በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ሲያወጣ ግርዶሽ ጠብቆ ሰገነት ላይ ይወጣ ነበር። አራት ደቂቃ ከዘገየ አራት ደቂቃ ብሎ ይጽፋል። በጣም ሃይማኖተኛ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ነው አራት ደቂቃ የሚያሳስበው።»

ከፊታችን ካለው ጉብታ ጀርባ አቧራ ተነሣ። ቲቸር በጣታቸው አሳዩኝ።

«የጥንት አሳቢዎቻችን ስለ ማወቅ ብዙ ተከራክረዋል። መንገዱ ስንት ነው? አንዱ ማየት ነው። ሁለተኛው ካየኸው ተነሥተህ ያላየኸውን መድረስ። አሁን ምን ይመጣል?»

«ፒክአፕ።»

ጉብታውን ስናልፍ የመጣው ትራክተር ነበር። ቲቸር ጭናቸውን መቱ። «አየህ! ሁለተኛው መንገድ ሁልጊዜ ተመልሶ የመጀመሪያውን መጠየቅ አለበት።»

«ሌላስ?»

«የታመነ ሰው ቃል። እሱ ከሁሉ ይከብዳል። ሰውየውን መምረጥ አለብህ።»

ብዙ ጊዜ ልጠይቃቸው ፈልጌ ያፈርኩበት ጥያቄ ነበረኝ። ከመንገዱ ላይ ዓይኔን ሳላነሣ ጠየቅኋቸው። «ቲቸር፣ ነገ የሚፈስሰው ውኃ ለእትዬ ሱሺላ እንደሚደርሳቸው እንዴት ይለካል?»

አንድ የእህል ጎተራ አልፈን፣ አንድ ድልድይ ተሻግረን፣ ከዚያ ነው የተናገሩት።

«አይለካም። የማይለካውን ለእሷ ስል አደርገዋለሁ። የሚለካውን ግን መሳሳት የለብኝም። ከእኔ የሚጠበቅ እሱ ብቻ ነው።»

አምስት ሰዓት፣ ጉብታው ላይ

ድራምሄለር ለመድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን ቲቸር አስቆሙኝ። ሣር ብቻ የለበሰ ዝቅ ያለ ጉብታ ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ተሰንጥቆ ሸለቆ ይሆናል፤ የሸለቆው ግድግዳ ግራጫ፣ ቡናማ፣ እንደገና ግራጫ እየሆነ ተነባብሯል። ቲቸር ካናዳ የገቡ ዓመት ከእትዬ ሱሺላ ጋር ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ሊያዩ እዚህ መጥተው ነበር። እሳቸው ውጭ ቆሙ፤ እትዬ ሱሺላ ነፋሱ ስለሚበርዳቸው መኪና ውስጥ ሆነው ሹራብ ሠሩ። «‹አየህ?› እያለች በመስኮት ትጠይቀኝ ነበር» አሉ። «አይቻለሁ ስላት፣ እንግዲያው እኔም አየሁ ትላለች።»

ጨረቃ እስክትወጣ ጊዜ ስለነበረን ቲቸር አንድ ሜትር የሆነውን ዘንግ እንድተክል አዘዙኝ። እንዲህ ያለ ዘንግ ተክሎ ጥላውን መለካት የጥንቶቹ የመጀመሪያ ትምህርት ነው አሉኝ። እኔም አገር ቤት አባቶች የጾም መፍቻ ሰዓት ለማወቅ የራሳቸውን ጥላ በራሳቸው ጫማ እንደሚሰፍሩ ነገርኳቸው። «ፍቼ አይቻለሁ» አሉ። «አጭር ሰው ጥላው አጭር፣ እግሩም አጭር። ብልህ መለኪያ ነው።»

ዘንጉ ቀጥ ማለቱን ክር ላይ ብሎን አስሬ አረጋገጥኩ። በየአሥር ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አኖርኩ። የቋጠርነው ምሳ የአብሽ ቅጠል ያለበት ስስ ቂጣና የማንጎ ማባያ ነበር። ቲቸር ግን እንድከፍተው አልፈቀዱም። «ጥላው አጥሮ ሳይመለስ አልበላም» አሉ። «ሥራ ጀምሮ መብላት አልወድም።»

ስድስት ሰዓት ሆነ። ጥላው ማጠሩን አላቆመም። ዘንጉ ያዘመመ መስሎኝ ክሩን እንደገና ጣልኩ። ቀጥ ብሏል። ስድስት ተኩል ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤ ጥላው አሁንም ያጥራል። ጥላው ከሁሉ ያጠረው ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት እስከ ስምንት ሰዓት እየረዘመ ሲሄድ ጠብቄ ነው።

«ዳዊት» አሉ ቲቸር፣ «የዛሬ ቀትር ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት።»

«ደብተርህ ላይስ?»

ገለጥኩት። «ስድስት።»

«ፀሐይ የወጣችው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ።

ካልጋሪ ላይ በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው፤ የምትገባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነው። በዚያ ላይ በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም፤ በየቀኑ እኖርበታለሁ። ወረቀት ላይ ግን «ፀሐይ መውጫ» ብዬ ስጽፍ እጄ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ፤ «ፀሐይ መግቢያ» ስልም እንደገና አሥራ ሁለት አለ። የጨረቃዋን መንገድ እስከ ደቂቃ ያሰላሁ ሰው፣ ቀኑን ከአገሬ ይዤው መጥቼ ሜዳው ላይ ዘርግቼዋለሁ።

ጠጠሮቹ አጠገብ ተንበርክኬ እንደገና ሠራሁት። ቀኑ አሥራ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ ነው። ለአምስት ሲካፈል አንዱ ክፍል ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት። አራተኛው ክፍል ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይጀምርና አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ላይ ያበቃል። ስምንተኛው ቀን ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይገባል፤ ነገ ግን ዘጠኝ ከአምስት ላይ ስለሚወጣ አራተኛውን ክፍል አያገኘውም።

«ዛሬ ነው» አልኩ። «ቲቸር፣ ዛሬ ነው። አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቲቸር መኪናው መከላከያ ላይ ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ዓመት የጠበቁት ቀን ነው፤ እሳቸው ግን ከከተማው መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀው ጠጠር ይቆጥራሉ።

«ሦስት ጊዜ ጮክ ብለህ አንብበህልኛል» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ጊዜ ሰምቼ ልክ ነው ብያለሁ። ጉጃራትም፣ ፍቼም ቀኑ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ አይርቅም። የሁለት ሰው ስህተት ነው፤ ብቻህን አትሸከመው።» ከዚያ ቀና አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ይህ ጥሩ ነው። ሥርዓቱን የሚያደርስ ሰው ጾመኛ መሆን አለበት።»

«ሻይ ጠጥተዋል።»

«ሻይ ውኃ ነው። አትከራከር፣ ስልኩን አምጣ።»

ስልኩ ጉብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። ካቪታ በሦስተኛው ጥሪ አነሣች።

«ካቪታ፣ አንቺ ነሽ ልክ። ዛሬ ነው።»

ነግሬህ ነበር የምትል መስሎኝ ነበር።

«ሩዙን ጠዋት ቀቅዬ ነው የወጣሁት» አለች። «ሰሊጡም አለ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከሥራ እወጣለሁ፤ ከቤቴ ቁልቁል ወንዙ ዳር ጠብቁኝ።»

«ነገ ነው እያልኩሽ ለምን ቀቀልሽ?»

«አንተ ልክ ከሆንክ ነገ እደግማለሁ ብዬ ነዋ።»

ቲቸር ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዞሩ።

አሁን የቀረው መለኪያው ነው። አሥር ሰዓት ድረስ ብንቆይ ማዕዘኑን እናያለን፤ ነገር ግን በምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ተቆልሎ ነበር። የሰኔ ከሰዓት በኋላ እዚህ አይታመንም። ብንሄድ ደግሞ የምንሄደው በእኔ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ ገና አሁን ስህተት በተገኘበት ሰው ሰንጠረዥ።

«የጨረቃዋን ስንት ጊዜ ሠራኸው?» አሉኝ።

«አራት ጊዜ። በሁለት መንገድ።»

«እንግዲያው አምኜሃለሁ። ጫን።»

ዘንጉን ነቀልኩ። ጠጠሮቹን ግን እዚያው ተውኳቸው።

በረዶው

ስትራትሞር የምትባል ትንሽ ከተማ ልንደርስ ስንል ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ በረዶዎች ሽምብራ ያህሉ ነበር፤ ወዲያው ለውዝ አከሉ። አንድ ማደያ ጣራ ሥር ገብተን ከስድስት መኪኖች ጋር ተጠጋጋን። ጩኸቱ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚደፉ ነው። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ቆምን። ቲቸር በየአምስት ደቂቃው «ስንት ሆነ?» ይላሉ። ከአጠገባችን ቀይ ፒክአፕ ውስጥ የነበረ ገበሬ መስኮቱን አወረደ።

«ቸኩለዋል፣ አባት?»

«ከሚስቴ ጋር ቀጠሮ አለኝ» አሉ ቲቸር።

ገበሬው ማሳው ወዳለበት ወገን፣ በረዶው ነጭ ወዳደረገው መሬት አየ። «የእኔዋም ማርፈድ አትወድም» አለ። በረዶው ሲቀንስ መኪናውን ወደ ኋላ ስቦ ቀድመን እንድንወጣ መንገድ ለቀቀልን።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ ቦው ወንዝ

ካቪታ የሥራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ድንጋዮቹ ላይ ቆማ ሳለች ደረስን። በአንድ እጇ ድስት፣ በሌላው ስልክ ይዛለች። ካህኑ ሌላ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ውኃና ጥቁር ሰሊጥ እንዲያፈስሱ፣ የሩዝ ድቡልቡል እንዲያኖሩ፣ የእናቷን ስም በትክክል እንዲጠሩ ብቻ ነግረዋታል።

ደመናው ወደ ምሥራቅ አልፎ ከምዕራብ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ካቪታ ድስቱን ስትከፍት እኔ ወደ ደቡብ አየሁ። ጨረቃ በደመናው ጠርዝ ላይ ነበረች፤ ነጭ፣ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የጎደላት።

«ቲቸር።»

በደህና ዓይናቸው ፈልገው አገኟት። መለኪያውን ከመኪና ላመጣ ስል ያዙኝ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ፀሐይ፣ ግራ እጃቸውን ወደ ጨረቃ ዘረጉ። እንደዚያ ሆነው ቆሙ። ካቪታ ከጀርባቸው ሆና በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለውን ተመለከተች።

«ዘጠና አልሞላም» አለች።

«አልሞላም» አሉ። «ግን ገብቷል።» እጃቸውን ያወረዱት ቀስ ብለው ነው።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው ተንበረከኩ። ካቪታ በመዳፋቸው ውኃ ጨመረች፣ እኔ ሰሊጥ። ውኃውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አፈሰሱት፤ ለሙታን የሚፈስሰው በዚያ በኩል ነው። የእትዬ ሱሺላን ስም ከነአባታቸው ሦስት ጊዜ ጠሩ። በሦስተኛው ድምፃቸው አልወጣም። ካቪታ እጇን ከእጃቸው ሥር አስገብታ ስሙን ጨረሰችላቸው። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ነበር።

በመጨረሻ ከሩዙ ጥቂት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ቁራ መጥቶ ከበላው የሞተው ሰው ተቀብሏል ይባላል። ፈቀቅ ብለን ጠበቅን። ቁራ አልመጣም። ወንዙ ላይ ዳክዬዎች አለፉ። አንዲት ሴት ውሻ ይዛ ስታልፍ ካቪታ ውሻው እንዳይቀርብ በዓይኗ ለመነቻት። ቲቸር አልተንቀሳቀሱም።

ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን ከዛፉ ላይ አንድ ማግፓይ ወረደ፤ እዚህ በየጓሮው የሚንጫጫው ጥቁርና ነጭ፣ ጅራተ ረጅም ወፍ ነው። ሩዙን ዞረው፣ ቀመሰው፣ ከዚያ ትልቁን ድቡልቡል አንሥቶ በረረ።

ወፉን በዓይናችን ሸኘነው።

«ይቆጠራል?» አለች ካቪታ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «በሳይንስ ከቁራ ቤተሰብ ነው» አልኩ። «የሥጋ ዘመድ ነው።»

ቲቸር መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው በዚያው ወረደ። «ሱሺላ ብትሆን የጎረቤት ልጅ መጥቶ ወስዶልኛል ትል ነበር» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አብሰው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ደብተርህ ላይ ግን ቁራ ብለህ እንዳትጽፍ። ማግፓይ ነው።»

ቤት

ዋይትሆርን የደረስነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ ገና ከጣራዎቹ በላይ ነበረች። በቋጠርነው ቂጣ ላይ ካቪታ ምስር ጨምራ ሦስታችንም ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን በላን። በቀኑ ሁለት መቶ አርባ አራት ኪሎ ሜትር ሄደናል። ካቪታ ወደ ዶቨር ከመሄዷ በፊት የአፑን ሰንጠረዥ ከእኛ ጋር አስተያየችው። የጨረቃዋ መግቢያ ከእኔ በሦስት ደቂቃ ብቻ ይለያል። ቲቸር ሦስት ደቂቃው የማን ስህተት እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳልተኛ ነገሩኝ፤ ከዚያ ራሳቸው ሶፋው ላይ ተኙ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው። አንድን ነገር በጥንቃቄ መሥራት ብቻውን አያድንም፤ እኔ በጥንቃቄ ነው የተሳሳትኩት። ያዳነን ዘንጉ ነው፣ ከዚያም ስህተቱን ሰምተው ያልተቆጡኝ ሰው። የማይለካውን የሚያከብር ሰው የሚለካውን ሲንቅ አይቼ ነበር፤ የሚለካውን የሚያከብርም የማይለካውን ሲንቅ። ቲቸር ሃሪሽ ሁለቱንም በአንድ እፍኝ ውኃ ውስጥ ይዘዋቸው አየሁ።

ሐሙስ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ሳይኖረኝ ነቃሁ። ደብተሩን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። በምሥራቅ በኩል ከጎረቤቶቹ ቤቶች በላይ ሰማዩ ቀልቷል። አምስት ዓመት በኖርኩበት ከተማ ፀሐይ ስትወጣ ቆሜ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። የጣራውን ጫፍ ስትነካ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ አጠገቡም ከአድማስ ሳይሆን ከጣራ መሆኑን ጻፍኩ።